ለመንገደኛ የምናሳየው ምን አለን?

(በሬድዮ ዝግጅት ላይ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

   

ዛሬ የምናነጋግራችሁ ስለ መንገድና ስለ ጉብኝት ነው። ነገሩን ያነሳሳብን አንድ ወጣት ነው። ልጁ የአካባቢያችን ተወላጅ ሲሆን በመስር፣ በካይሮ ከተማ ሲማር ቆይቶ ለዘመድ ጥየቃ ወደ አዲ አርቃይ መጥቶ ነበር። አንድ ቀን ከመግሪብ ሰላት በኋላ መስጂድ ውስጥ ከበብነውና ስለ መስር ጠየቅነው። ልጁም እስከ ዒሻእ ድረስ ያለማቋረጥ ነገረን። የነገረንን ባጭሩ እንጥቀሰው፤ ከዑምራ በካይሮ በኩል ለሚመለስ ወንድም ወይም እህት ሊጠቅም ይችላል።

መስር የገባ ሙስሊም መጀመሪያ ወደ ፉስጣጥ ይሂድ አለን። እዚያ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በ642 እ.ኤ.አ. ገደማ ያሠሩት የመስር የመጀመሪያው መስጂድ አለ። በየዘመኑ ስለፈረሰና ስለታደሰ ከጥንቱ ግንብ የቀረው ጥቂት ቢሆንም ቦታው ያው ነው። ከዚያ በ879 የተጠናቀቀው የኢብን ጡሉን መስጂድ አለ፤ የሚናራው ደረጃ በውጭ በኩል እየዞረ የሚወጣ ነው። ከዚያም አዝሀር። የጊዛ ፒራሚዶችን ሳያይ የሚመለስ መንገደኛ ግን የለም። ከተሠሩ 4,500 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ብዙ ሰው የሙሳ (ዐ.ሰ) ፊርዐውን የሠራቸው ይመስለዋል። የታሪክ አዋቂዎች እንደሚሉት ግን በሙሳ ዘመን ፒራሚዶቹ ራሳቸው ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ነበሩ። ልጁ ይህን ሲናገር ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ አላመነውም።

እኛን ይበልጥ የገረመን ስለ አዝሀር የነገረን ነው። በአዝሀር ለየአገሩ ተማሪዎች ሪዋቅ የሚባል ማደሪያና መማሪያ ነበር። ከእነዚህም አንዱ ሪዋቁል ጀበርት ይባል ነበር፤ ከሐበሻ ምድርና ከዘይላዕ አካባቢ ለሚሄዱ ተማሪዎች የተመደበ ማለት ነው። የናፖሊዮን ጦር በ1798 መስርን ሲወር ያየውን በየቀኑ የመዘገበው ትልቁ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲም ከዚህ ዘር ነው። ቅድመ አያቶቹ ከጀበርት ሄደው የሪዋቁ ኃላፊዎች ነበሩ። እንግዲህ ከእኛ አገር ሰው ወደ ካይሮ መሄድ የጀመረው ዛሬ በአውሮፕላን አይደለም።

ልጁ ይህን ሁሉ ከነገረን በኋላ እንዲህ አለን፦ «ሸኻችን፣ ጓደኞቼ ከናይጄሪያም ከኢንዶኔዥያም የመጡ ናቸው። ማታ ማታ ተራ በተራ ስለ አገራችን እናወራለን። የእኔ ተራ ሲደርስ ስለ ነጃሺ እነሱው ነገሩኝ። ‹አንተ ያደግህበት አካባቢስ? ለመንገደኛ የሚታይ ምን አለ?› ሲሉኝ ‹ተራራ አለ› አልኳቸውና ዝም አልኩ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏቸው ነበር?»

እኛም ዝም አልን።

አዲ አርቃይን የሚያውቅ ሰው ዝምታችን ለምን እንዳሳፈረን ይገባዋል። ከከተማችን ቀና ሲሉ የሰሜን ተራሮች እንደ ሾለ ጥርስ ተደርድረው ይታያሉ። ሰላም በነበረበት ጊዜ የውጭ አገር ቱሪስቶች በላንድክሩዘር ከጎንደር ወደ አክሱም ሲያልፉ መንገድ ዳር ቆመው ፎቶ ያነሷቸዋል። እኛ ግን ከስሩ ተወልደን፣ ከስሩ ቀርተን፣ ከስሩ አርጅተን አንድ ቀን እንኳ ወደ ላይ ወጥተን አላየንም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ዐንከቡት በምድር ላይ እንድንሄድና ፍጥረትን እንዴት እንደጀመረ እንድንመለከት አዞናል። በሱረቱል ጋሺያም ተራሮች እንዴት እንደተተከሉ አናይም ወይ ብሎ ጠይቆናል። ይህን ሱራ በየጁሙዓው ስንቀራ ኖረናል። ተራራው ደግሞ ከመስጂዱ በር ፊት ለፊት ነው።

ከዚያ በኋላ ከጀመዓው ወጣቶች ጋር ሆነን መንገዱን ያዝን። ያየነውን እንንገራችሁ።

መጀመሪያው ሊማሊሞ ነው። ከቆላው በዛሪማና በድብ ባሕር አልፎ ወደ ደባርቅ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ጠርጎታል። ሾፌሮቻችን በስሙ ይምላሉ፤ እኛም ስንወጣ ዚክራችን በዝቶ ነበር። ነገር ግን መንገዱ ከጣሊያን በፊትም ነበረ። ከምፅዋ ተነስቶ በዐድዋ፣ በተከዜና በእኛ አካባቢ አድርጎ በሊማሊሞ ወደ ጎንደር የሚገባው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ይኸው ነው። አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ በአህያና በበቅሎ ይመላለስበት ነበር። ከነጋዴዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር የወጣው በዚሁ ነው፤ ከተማውም ሲደርስ መጀመሪያ ያረፈው በሙስሊሞች ሰፈር ነው። የአያቶቻችን እግር ያለሰለሰውን ዳገት በመኪና ተቀምጠን ስንወጣ «ጣሊያን የሠራው» እያልን ብቻ ለልጆቻችን መንገራችን ቅር አሰኝቶናል።

ደባርቅ ላይ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አለ። እዚያ የመግቢያ ትኬት ይቆረጣል፤ ጠመንጃ የያዘ ስካውትም አብሮ ይመደባል፤ ያለ ስካውት መግባት አይቻልም። ከዚያ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እየተባለ ይቀጥላል። ብርዱን አትናቁት፤ ጋቢ ብቻ ይዘው የሄዱ ሁለት ልጆቻችን ሌሊቱን በቁማቸው አነጉት። አስታውና ጅብራው በጭጋግ ውስጥ ሲታይ ሌላ ዓለም የገቡ ይመስላል። ጭላዳው በመቶ እየሆነ ሣር ይግጣል፤ ሰው ሲቀርበው አይደነግጥም። ዋልያን ግን ያየነው ከሩቅ፣ ገደል ላይ ነው። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በየትም ዓለም የለም። ቁጥሩም ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ እኛ ግን እስከዚያ አልደረስንም። የዕድሜ ነገር ነው።

እሜት ጎጎ በሚባለው ገደል ጫፍ ላይ ስንደርስ የዙህር ወቅት ሆነ። ከወጣቶቹ አንዱ ቂብላ በየት በኩል ነው አለን። ከእኛ አገር መካ በስተሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለች ናት። ካይሮ ያለው ልጅ ግን ሲሰግድ ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዞራል። የሰሜን ገደል የሚወርደውም ወደ ሰሜን ነው። እንግዲህ ከዚያ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚያይ መንገደኛ፣ ቢያውቅም ባያውቅም፣ ፊቱን ያቀናው ወደ ቂብላ አቅጣጫ ነው። ከስር በጭጋግ ውስጥ የሚታየው ቆላ ደግሞ የእኛው አዲ አርቃይ ነው። ሱብሐነላህ! አርባ ዓመት ከታች ወደ ላይ ስናይ ኖረን ያን ቀን ከላይ ወደ ታች አየን። የነዚያ ተራሮች ጅረት ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ተከዜ ሱዳን ገብቶ አትባራ ተብሎ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ልጃችን ካይሮ ላይ ዉዱእ የሚያደርግበት ውኃ ከፊሉ በእኛ ደጅ ያለፈ መሆኑን ያን ዕለት ነው ያሰብነው።

አሁን ወደ ግጭ እንምጣ፤ ስለ እሷ ጥቂት ማለት አለብን።

የጉብኝት መጻሕፍት ግጭን የሚጠቅሷት የድንኳን ማረፊያ አድርገው ነው። ግጭ ግን መንደር ነበረች። ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ገብስ የሚዘራባት፣ በግ የሚረባባት፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም የሆነባት መንደር። ከዓመታት ውይይት በኋላ በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳና የቤት ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ.፣ ግጭ ከተነሳች በዓመቱ ነው።

እኛ ስንደርስ መንደሯ የነበረችበት ሜዳ ሣር ለብሷል። ጭላዳ ይግጥበታል። ፎቶ የሚያነሳ ሰው «እንዴት ያለ ንጹሕ ምድር ነው!» ቢል አይፈረድበትም። ስንመለስ ደባርቅ ላይ ከግጭ የመጡ አንድ አባት አገኘን። ስለ ቤታቸው አልነገሩንም፤ ስለ ካሳውም አላማረሩም። የነገሩን ስለ መቃብር ነው። «አባቴም እናቴም ሁለት ልጆቼም እዚያ ናቸው። ዱዓ ላደርግላቸው ስሄድ እንደ እንግዳ ነው የምሄደው» አሉን።

በዚህ ጉዳይ ላይ አቋማችሁ ምንድን ነው የሚለን ሊኖር ይችላል። ገደሉ እስኪራቆት ቢታረስና ከብት ቢሰማራበት ዋልያ ይጠፋ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ተፈጥሮን መከለል ለሸሪዓችን እንግዳ አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ዙሪያ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ አውሬ እንዳይታደን ከልክለዋል፤ ነቂዕ የሚባለውንም የግጦሽ ቦታ ለፈረሶች ከልለዋል። ይህም ሒማ ይባላል። ነገር ግን ከዚያው ታሪክ ሌላ ነገር አለ። ዑመር (ረ.ዐ) በዘመናቸው ሁነይ የሚባለውን የሒማ ጠባቂ ሲሾሙት ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያላቸውን ድሆች እንዲያስገባ፣ ባለ ብዙ ከብት ሀብታሞችን ግን እንዲጠነቀቅ አዘውታል፤ የድሃው ከብት ካለቀ ልጆቹን ይዞ ወደ እርሳቸው እንደሚመጣ ያውቁ ነበርና። ዘገባው በቡኻሪ ውስጥ አለ። እኛ ከዚህ የምንረዳው ዋልያውም እኚያ አባትም አማና መሆናቸውን ነው። ከግጭ የመጡት ገበሬዎች ናቸው፤ የከተማ ኑሮ አለመዱም። ልጆቻቸው መድረሳ መግባታቸውን፣ ሥራ ማግኘታቸውን ጠይቀናል ወይ? ከመካከላችን ስንቶቻችን ደባርቅ ስናልፍ ቤታቸውን አንኳኩተናል? ጉብኝት ስንል ይህንንም ማለታችን ነው።

ጎንደርን በአጭሩ እናልፋለን፤ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። የፋሲል ግቢን የሚያሳዩ አስጎብኚዎች ስለ ነገሥታቱ በሰፊው ይናገራሉ፤ ስለ ሙስሊሞቹ ግን ብዙ ጊዜ አይናገሩም። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይመስለንም፤ የምንነግራቸው እኛ ነበርን። በ1648 እ.ኤ.አ. ሐሰን አል-ሐይሚ የሚባሉ የየመን ቃዲ ከኢማማቸው ተልከው፣ ባሕሩን ተሻግረው፣ በይሉል ላይ ወርደው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው ዐፄ ፋሲል ዘንድ ደርሰዋል። ያዩትንም በዐረብኛ ጽፈውታል። ስለዚህ ጎንደርን ጎብኝተው ከጻፉ የውጭ አገር ሰዎች ቀደምቱ ከብሩስ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ የቀደሙ አንድ ሙስሊም ዓሊም ናቸው ማለት ነው! ከግቢው ወጥታችሁ ወደ ቀሃ ወንዝ ስትወርዱ አዲስ ዓለም አለላችሁ። በ1668 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጉባኤ ተወስኖ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ የተደረጉበት ሰፈር ነው። ሸማኔውም ነጋዴውም ዓሊሙም ከዚያ ወጥቷል።

ከዚያ በኋላ የመጣውንም አንደብቅም። በ1878 እ.ኤ.አ. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ ወዲህ በዐፄ ዮሐንስ ራብዓዊ ትእዛዝ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ፤ ብዙዎች ተሰደዱ። በ1888 ደግሞ ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ወደሙ። አንዱን በደል እያወሩ ሌላውን መዝለል ለሙእሚን አይገባም። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በዚያች ከተማ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በነበሩ ሙስሊሞች ላይ የደረሰው ግድያም ገና ትኩስ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ይህንንም ንገሯቸው፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ጎረቤቶቻቸውን በየቤታቸው የደበቁ ክርስቲያኖችን ብታገኙ ከአፋቸው ስሙ።

ወደ ሰሜን ከሄዳችሁ ተከዜን ተሻግራችሁ ትግራይ ናችሁ። በውቅሮ አጠገብ ነጋሽ አለ። በ615 እ.ኤ.አ. የተሰደዱትን ሶሓባዎች የተቀበሉት፣ ሲሞቱም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲና ሆነው ሰላተል ጛኢብ የሰገዱላቸው የነጃሺ ቦታ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የካይሮው ልጅ ጓደኞችም ያውቁታል። በቱርክ መንግሥት እርዳታ ታድሶ በቆየው መስጂድና መቃብር ላይ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ጊዜ ጉዳት ደርሷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ጦርነቱ ወደ እኛም ከተማ መጣ፤ ከአዲ አርቃይም ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ የሚሄድ የእኛ ሰው አነሰ። ስለ መቃብር ዚያራ በመካከላችን ያለውን ክርክር ዛሬ አናነሳውም፤ አደቡን ያላወቀ ዑለማእን ይጠይቅ። ሐረርን፣ ሶፍ ዑመርን፣ የወሎን የዲን ማዕከላት ለሌላ ጊዜ እናቆያቸው።

መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር እንበል። ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት ምክንያት መንገዱ ሲከፈትም ሲዘጋም አይተናል። ነፍስን ለአደጋ ማጋለጥ ሐራም ነው፤ ተራራው የትም አይሄድም። ጥሩው ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ ቆሞ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው። ደባርቅ የሥጋ ነገር ካሳሰባችሁ ሽሮና የጾም በያይነቱ በየምግብ ቤቱ አለ፤ ለተራራው ግን ዳቦ ቆሎ፣ ተምርና ሻይ ያዙ። ባለአራት ረከዓውን ሰላት በጉዞ ላይ ሁለት አድርጎ መስገድ ከአላህ የተሰጠን ስጦታ ነው፤ ርቀቱንና ቀኑን እንደየመዝሀባችሁ ጠይቃችሁ ያዙ። ሴቶችን አትተዉ። በእኛ ጉዞ ላይ አንዲት እናት ከሁላችንም ቀድመው ነው ገደሉ ጫፍ የደረሱት።

ልጁ ወደ ካይሮ ከመመለሱ በፊት ይህን ሁሉ በደብተሩ ጻፈ። የአል-ሐይሚን መጽሐፍም እዚያ ፈልጎ እንደሚያነብልን ቃል ገብቷል። እኛ ደግሞ ከግጭ ወደ ደባርቅ የመጣችሁትን እናትና አባቶች፣ በአዲስ ዓለም ያላችሁ ሽማግሌዎችንና ከሲራራ ነጋዴ ቤተሰብ የተወለዳችሁትን ሁሉ እንጠይቃለን። የመንደራችሁን ስም፣ የመሻይኾቻችሁን ስም፣ መቃብሩ የት የት እንደሆነ በድምፅ መቅዳት እንፈልጋለን። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ ታገኙናላችሁ፤ መምጣት የማትችሉ ልጅ ላኩብን፤ እኛው ቤታችሁ እንመጣለን ኢንሻአላህ።